ስሙን ትቶ የሚጓዝ ቁጥር፦ የላንጋኖ ማስታወሻ

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው! ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ ሲባል በዓይኔ ላይ የሚመጣው ማለዳ ግራጫ፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ የሚሆን፣ ዳር ዳሩን ደንገል የያዘው፣ ታንኳ የሚመላለስበት ውኃ ነው። መኪናችን ከግራሮቹ መሐል ወጥታ ሐይቁ ድንገት ሲገለጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደቃቅ አፈር የተበጠበጠበት የሚመስል ሰፊ ውኃ፣ ከማዶው በጭጋግ የተሸፈነ የአርሲ ከፍታ፣ ከራሳችን በላይ ደግሞ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞር አሳ አዳኝ ንስር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ለብ ይላል! እጄን እስከ ክርኔ ሳጠልቅ ጣቶቼ ጠፉብኝ። ቀለሙን የሰጠው ታች ሳይዘቅጥ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ደቃቅ ደለል ነው። ብልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን ሰው እንደ ልቡ ይዋኝበታል፤ ሐይቅ ዳር ሆነን ‹‹ውኃው ውስጥ እንዳትገቡ!›› እየተባልን ላደግን ልጆች ይህ ብቻውን ግርምት ነው።

የመጣሁት ከወንድሜና ከባለቤቱ ጋር ነው። እሷን እታለም እላታለሁ፤ እሷም ወንድምዓለም ትለኛለች። ተወልዳ ያደገችው አዳማ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማረችውም እዚያው፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ሥራዋ ገና ያልተመረተን ቺፕ መፈተሽ ነው፤ አንድ ዲጂታል ሰርኪት በጽሑፍ ተገልጾ ኮምፒውተር ላይ ሲሮጥ እየተከታተለች ስሕተቱን ታድናለች። እኔ የስልክ መተግበሪያ እሠራለሁ። ሁለታችንም የምንጽፈው ኮድ ነውና ሥራችን አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ሐይቅ ላይ ብዬ ሄጄ ሁለት አዲስ አገር አየሁ፤ አንደኛው ላንጋኖ፣ ሁለተኛው የእታለም ቋንቋ።

መንገዱ ራሱ ደስ ይላል። ከአዳማ ወደ ሞጆ መለስ ብለን ወደ ደቡብ ታጠፍን፤ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። ለጥ ያለ ሜዳ፣ በየመሐሉ ግራር፣ የአህያ ጋሪ፣ መንገድ ተሻግሮ የማያልቅ የፍየል መንጋ። መቂ ላይ አይሱዙ መኪኖች ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ሲጭኑ ደረስን። ጫኞቹ ሳጥኑን እየተቀባበሉ እስከ ላይ ይደረድራሉ። እታለም በመስኮት እያየች፣ ‹‹ወንድምዓለም፣ እዚህ መኪና ላይ መጨረሻ የተጫነው ሳጥን መጀመሪያ ይወርዳል። እኔ ዘንድ ግን መጀመሪያ የተጫነው ነው መጀመሪያ የሚወርደው፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ቲማቲሙ ሽንኩርት ሆኖ ይወጣል›› አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ‹‹ሐይቁ ጋ እናወራለን›› ብላ ተወችው። ቡልቡላ እስክንደርስ ቲማቲሙን ሽንኩርት የሚያደርገው ነገር ምን ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ነፋስ ይነሣል። ማዕበሉ ሲመጣ ድምፁ የባሕር ነው፤ ጣና ላይም ነፋስ አውቃለሁ፣ ይኼኛው ግን ከአሸዋው ጋር እየተጋጨ የሚጮህ ነው። ግራር ሥር ተቀመጥን። በስተ ሰሜን አሉቶ ይታያል። ተራራ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር እሳተ ገሞራ ነው! እታለም ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ፤ ከጎኑ እንፋሎት ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረውበት፣ በ1998 ደግሞ 7.3 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሙከራ ጣቢያ ተተክሎበታል፤ በአገራችን ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ የመነጨበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው። የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። በሳተላይት ራዳር ሲለካ ይህ ተራራ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 በየተራ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሥቶ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዷል። ያረፍንበትን ግቢ የሚጠብቁት አባት በአጠገባችን ሲያልፉ ‹‹አካም?›› ብለው ሰላም አሉንና ወዴት እንደምናይ ሲገባቸው፣ ‹‹እሱ ይተነፍሳል እኮ›› አሉ። ራዳሩ የለካውን እሳቸው በሦስት ቃል ጨረሱት።

እታለም በአሉቶ የተያዘችው በምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማም አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ የእነሱም ፎቅ በሌሊት ተነቃንቋል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የምድር ንዝረት መለኪያ ያየውን እንዴት እንደሚናገር ማወቅ ፈለገች። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 አሉቶ ዙሪያ መለኪያዎች ተክለው ከ2 ሺህ በላይ መንቀጥቀጦች መዝግበዋል፤ አብዛኛው ሰው የማይሰማው ትንንሽ ነው። ያን ሁሉ ንዝረት ተሸክሞ የሚሄደው ምንድን ነው? ቢት ነው፤ በተርታ የሚሄድ ዜሮና አንድ። እሷም ለራሷ ልምምድ ያንን ተርታ አሽጎ የሚልክና ተቀብሎ የሚፈታ ሰርኪት ሲስተምቬሪሎግ በሚባል የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ መጻፍ ጀመረች። ላፕቶፑን ይዛ ሐይቅ ዳር የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ቀንጠብ አድርጋ አሸዋው ላይ በጭራሮ ጻፈችልኝ፦ የጣቢያ ቁጥር 8 ቢት፣ ሰዓት 32 ቢት፣ ከዚያ መሬት በሦስት አቅጣጫ ስትንቀሳቀስ የተነበቡ ሦስት ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው 24 ቢት። ‹‹ይኼ አንድ ዕቃ ነው›› አለችኝ። ‹‹አንተ ብትሆን እንዴት ትልከዋለህ?››

እኔ ብሆን ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ እልከዋለሁ። ‹‹ጣቢያ፦ 7፣ ሰዓት፦ ይህን ያህል›› እያልኩ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስሙን አስይዤ። ስሙ አብሮት ስለሚሄድ ቅደም ተከተሉ ቢቀያየር ችግር የለውም፤ ተቀባዩ ስሙን አይቶ ቦታው ያስገባዋል። አሠራሩን ስነግራት ጭራሮዋን አሸዋው ላይ ተከለችና፣ ‹‹ሽቦ ላይ ስም የለም፤ ቦታ ብቻ ነው ያለው›› አለችኝ።

እዚያች ላይ ነው የተማረክሁት። 8 እና 32 እና ሦስት ጊዜ 24፤ ሲደመር 112 ቢት፣ 14 ባይት። የእኔ ጄሰን ለዚያው ነገር ከ50 ባይት በላይ ይፈጃል! የተረፈው ሁሉ ስም፣ የጥቅስ ምልክትና ሰረዝ ነው። በእሷ አገር ስም የሚኖረው በሁለቱ ዳርቻ፣ በላኪውና በተቀባዩ መግለጫ ውስጥ ብቻ ነው። መሐል ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ 112 ዜሮና አንዶች ስማቸውን ትተው ይሄዳሉ። ተቀባዩ የመጀመሪያዎቹን 8 ይቆጥርና ‹‹ጣቢያ›› ይላል፤ ቀጣዮቹን 32 ይቆጥርና ‹‹ሰዓት›› ይላል። ድንበሩ የት እንደሆነ የሚነግረው ምልክት የለም። በቃል ኪዳን ብቻ ነው የሚኖረው።

ቁጥሩ አሉታዊ መሆኑ እንኳ አይጓዝም! 24ቱም ቢቶች አንድ ከሆኑ፣ ምልክት ያለው ቁጥር ነው ብለን ለተስማማን ንባቡ −1 ነው፤ ላልተስማማ 16,777,215 ነው። በአንዱ መሬቷ በጭንቅ ነቅነቅ ብላለች፣ በሌላው ተገልብጣለች። ቢቶቹ ግን ያው ናቸው። ይህን አሸዋው ላይ እየጻፍኩ ደጋግሜ አየሁት።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተች። የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋዎች ዕድሜያቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ቬሪሎግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተወለደ ነው፣ ቪኤችዲኤል እ.ኤ.አ. በ1987 የአይትሪፕልኢ ደረጃ ሆነ፣ ሲስተምቬሪሎግ ደግሞ በ2005። ማሸጉን በቬሪሎግ በእጅ ይሠሩት ነበር፤ ከዚህኛው ቢት እስከዚያኛው ቢት እያሉ፣ ቁጥር በቁጥር እየቆጠሩ። አንድ መስክ መሐል ላይ ከተጨመረ ከእሱ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይቀየራል። ሲስተምቬሪሎግ ያመጣው ‹‹የታሸገ ስትራክት›› ግን ያንን ልፋት አስቀረ። መስኮቹን በስማቸው ከላይ ወደ ታች ትዘረዝራለህ፤ መጀመሪያ የተጻፈው በግራ በኩል፣ ከፍተኛው ቢት ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው በተራው ይከተላል። ስትፈልግ በስሙ ትጠራዋለህ፣ ስትፈልግ ደግሞ ሙሉውን እንደ አንድ ባለ 112 ቢት ቁጥር ታነሣዋለህ። ያው አንድ ዕቃ ነው! ምንም ነገር አልተገለበጠም፣ ምንም አልተቀየረም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሁለቱን ቀስቶች ነው። ብዙ ዕቃዎችን በቅንፍ ሰብስበህ ከፊታቸው >> ብትጽፍ ከግራ ወደ ቀኝ በተራቸው ወደ አንድ የቢት ጅረት ይፈስሳሉ። << ብትጽፍ ጅረቱ ይገለበጣል። በስንት በስንት ቆርሶ ይገልብጠው? እሱን አንተ ትወስናለህ። እታለም ባለ 32 ቢት ቁጥር 1ን ወስዳ አሳየችኝ። በ8 በ8 ቢት ቆርሳ ስትገለብጠው 16,777,216 ሆነ። የቁራሹን ልክ ሳትጠቅስ፣ ቢት በቢት ስትገለብጠው 2,147,483,648 ሆነ። አንዲት ቢት ናት የምትጓዘው፤ የት እንዳረፈች ነው ልዩነቱ። የባይት ቅደም ተከተላቸው የማይገጥም ሁለት ኮምፒውተሮችን ለማግባባት እኔ አገር ስንት መስመር ይጻፋል፤ እዚህ አንድ ቀስትና አንድ 8 ናቸው።

‹‹መፍቻውስ የት አለ?›› አልኳት።

‹‹እሱው ነው። ከእኩል ምልክቱ ወደ ግራ አሻግረው።››

ያንኑ ቅንፍና ያንኑ ቀስት ከእኩል ምልክቱ በስተ ግራ ስታደርገው ያሽግ የነበረው ይፈታል! ጅረቱ ከቀኝ ይመጣል፣ በግራ ያሉት ዕቃዎች በተራቸው የድርሻቸውን ይወስዳሉ። ተነሥቼ ሐይቁ ዳር ትንሽ ሄድ መለስ አልኩ። ማሸጊያና መፍቻ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው ብዬ ነበር የኖርኩት፤ ሁለት ፋይል፣ ሁለት ፈተና። እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደቆምክ ብቻ ነው የሚጠይቅህ።

ቋንቋው የራሱ ጠባይ አለው፤ ሊታወቅ ይገባዋል። ባለ 24 ቢት ጅረት ባለ 32 ቢት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ወደ ግራ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፣ ዜሮዎቹ በቀኝ ይሞላሉ። 5 ብለህ ያስገባኸው 1,280 ሆኖ ይጠብቅሃል። ተራ ቁጥር ቢሆን ዜሮው በግራ ይገባና 5 እንደ 5 ይቀር ነበር። ይህ መጀመሪያ ሥርዓት የጣሰ ይመስላል፤ ሳስበው ግን ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። ጅረት ቁጥር አይደለም፣ ከመጀመሪያው የሚጀምር ተርታ ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ በግራ ነው። ሣጥኑ ከጅረቱ ከጠበበ ግን አይቆርጥልህም፤ ስሕተት ነው ብሎ ይመልስሃል። በዚህ ጥብቅነቱ አከበርኩት።

ርዝመታቸው ያልተወሰነ ዕቃዎች ሲመጡ ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ 10 ንባብ፣ ነገ 300 ንባብ የያዘ ድርድር ስም ብቻ ሳይሆን ልክም የለውም። ፈታሾች የሚሠሩበት ዩቪኤም የሚባለው ቤተ መጻሕፍት መላ አለው፤ ድርድሩ ስንት አባል እንዳለው በ32 ቢት አስቀድሞ ያሽጋል፣ ከዚያ አባላቱን ያስከትላል። ፈቺው መጀመሪያ ቁጥሩን ያነብባል፣ ከዚያ ስንት መውሰድ እንዳለበት ያውቃል። እታለም ፈተናውን ስታስሮጥ ሲሙሌተሩ በዘፈቀደ የተሠሩ ዕቃዎችን በሺዎች እያመረተ ያሽጋል፣ ይፈታል፣ የተፈታውን ከመነሻው ጋር መስክ በመስክ ያስተያያል። ሆን ብላ በፈቺው በኩል ሁለት መስኮችን አቀያይራ አሳየችኝ። ወዲያው ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ፤ የጣቢያው ቁጥር ሰዓት ውስጥ ገብቷል፣ ሰዓቱ ተቆርሶ ጣቢያ ሆኗል። የመቂው ቲማቲም ሽንኩርት ሆኖ ወጣ!

ማታ ቆሮሶ ጥብስ በላን። አሳው ያው የእኛው የጣናው አሳ ነው፤ የላንጋኖው ጣዕም ትንሽ የተለየ መሰለኝ፣ ምናልባት ደስታዬ ይሆናል። ከበላን በኋላ እታለም የቀኑን ዋና ነገር አመጣችው። የንዝረት መለኪያ በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ በሦስት አቅጣጫ ያነብባል እንበል። እያንዳንዱ ንባብ 32 ቢት ቢይዝ በቀን 104 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ ከአንድ ጣቢያ ብቻ። ጣቢያው ያለው ደግሞ ተራራ ላይ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው። እዚህ ላይ ጆሴፍ ስታይም የሚባል አሜሪካዊ የዘየደው የማሸጊያ ዘዴ ይመጣል።

ዘዴው ንባቡን ራሱን አይልክም፤ ልዩነቱን ነው። 1000፣ 1003፣ 1001፣ 1006 ብሎ ያነበበ መለኪያ 3፣ −2፣ 5 ይልካል። ምድር ጸጥ ስትል ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አራት ልዩነቶች በ8 በ8 ቢት አንድ ባለ 32 ቢት ቃል ውስጥ ይገባሉ። መነቃነቅ ስትጀምር ሁለት በ16 በ16 ቢት ይሆናሉ። በኃይል ስትናወጥ አንዱ ብቻውን 32ቱን ይይዛል። 16 ቃላት ተሰብስበው 64 ባይት ያለው አንድ ክፈፍ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ቃል ደግሞ ንባብ አይዝም፣ ስለ 16ቱም ቃላት ሁለት ሁለት ቢት ይዞ የትኛው ቃል በምን ዓይነት እንደታሸገ ይናገራል። እስቲ አስቡት! ጥቅሉ ራሱ ከምድር ጋር ይሰፋል፣ ይጠብባል። አሉቶ በተኛበት ሌሊት ፋይሉ ያንሳል፤ በነቃበት ሌሊት ይወፍራል። ምን እንደተጻፈ ሳትፈታ፣ ክብደቱን ብቻ አይተህ ምድር እንዴት እንዳደረች ትገምታለህ።

ደግሞም ታማኝ ነው። የመጀመሪያው ክፈፍ መነሻውን ንባብና የመጨረሻውን ንባብ ሳይታሸጉ ይይዛል። ፈቺው ከመነሻው ተነሥቶ ልዩነቶቹን እየደመረ ሄዶ መጨረሻው ላይ ያው የተጻፈው ቁጥር ላይ መድረስ አለበት። ከቀረ ወይ ካለፈ መንገድ ላይ አንድ ቢት ጠፍቷል ማለት ነው። የእታለም ሰርኪት ሲደምር፣ ሲደምር ቆይቶ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም አጨበጨብን፤ ወንድሜ ምን አግኝታችሁ ነው ብሎ ከውስጥ ወጣ።

በማግስቱ አቢያታን ከሩቅ አየን፤ የላንጋኖ ውኃ በሆራ ከሎ ወንዝ ሄዶ የሚገባው እዚያ ነው፣ ከአቢያታ ግን መውጫ የለውም። ዳሩ ነጭ ነው፣ ሶዳ ነው። ጣናን የሚያውቅ ሰው ሐይቅ ማለት ዓባይ የሚወጣበት ነገር ይመስለዋልና ይህም ሌላ ርዕስ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ጅረቱ ላይ ቀርቶ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እታለም የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ብዙ ሳተላይቶች ወደ ምድር የሚልኩት ጥቅል ራስጌው 48 ቢት ነው፦ 3፣ 1፣ 1፣ 11፣ 2፣ 14፣ 16። ‹‹ፍታው›› አለችኝ። ሦስቱ የስሪት ቁጥር፤ አንዷ ቢት ወሬ ነው ወይስ ትእዛዝ የምትል፤ ሌላዋ ተጨማሪ ራስጌ አለ ወይስ የለም የምትል። 11ዱ ቢት ጥቅሉ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ይነግራሉ፤ 2,048 አድራሻ። ሁለቱ ጥቅሉ ብቻውን ነው ወይስ የሌላ ቁራሽ ነው ይላሉ። 14ቱ ተራ ቁጥር ናቸው፤ 16,384 ጥቅል ቆጥረው ከዜሮ ይጀምራሉ። የመጨረሻዎቹ 16 ርዝመት ናቸው። እስከዚህ እሷ እየመራችኝ ደረስኩ።

‹‹ርዝመቱ ላይ ግን የሚጻፈው የባይቱ ብዛት ሲቀነስ አንድ ነው። ለምን?››

አዳሚ ቱሉን አልፈን ባቱ ልንገባ ስንል ገባኝ። ‹‹ባዶ ጥቅል ስለማይላክ! ዜሮ ቦታ ይዛ ከምትቀር ለአንድ ይሰጧታል፤ በ16 ቢትም እስከ 65,536 ባይት ድረስ ይቆጠራል!›› ብዬ ጮህኩ።

‹‹ጎሽ ወንድምዓለም!›› አለችና ወዲያው ቀጣዩን ጣለችልኝ፤ የስታይም ሁለተኛው ዘዴ አንድ ባለ 32 ቢት ቃል ውስጥ ሰባት ባለ 4 ቢት ልዩነቶች ያስገባል፣ ሰባት በአራት 28 ነው፣ የቀሩት አራት ቢቶች የት ሄዱ? ወንድሜ ባቱ ላይ ምሳ ለመብላት መኪናውን ሲያቆም እኔ የሆቴሉን ደረሰኝ ጀርባ ገልብጬ 32 ሣጥን እየሳልኩ ነበር።